አገር የሰጠሁበት እንቆቅልሽ

(በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ስብሰባ ላይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





በዚህ መድረክ ላይ ስለ መጻሕፍት የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመሰግነውን መጽሐፍ መርጦ ይመጣል። ልማዱ መልካም ነው፤ የወደዱትን ነገር ለሌላው ማካፈል ደግነት ነውና። እኔ ግን ተራዬ በደረሰ ጊዜ ቅር ያሰኘኝን መጽሐፍ መረጥሁ። መጽሐፉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ክፉ መጽሐፍ ማንንም ቅር አያሰኝም፤ ሃያ ገጽ ያህል ካነበቡለት በኋላ ዘግቶ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ሰውን የሚያሳዝነው፣ አምሮ የተጻፈ፣ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ገጹ በተገለጠ ቍጥር «ቈይ፣ ታገሥ፣ ወደ ፊት ታገኘዋለህ» እያለ የሚያጓጓ መጽሐፍ በመጨረሻው ላይ ባዶ እጁን የዘረጋ እንደ ሆነ ነው።

መጽሐፉ «የጽጌ ረዳ ስም» ይባላል። ደራሲው ኡምቤርቶ ኤኮ የተባለ ኢጣሊያዊ ነው። ኤኮ በ1932 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ አሌሳንድሪያ በምትባል ከተማ ተወልዶ በ2016 ዓ.ም. ዐረፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ስለ ምልክቶችና ስለ ትርጓሜያቸው ያስተማረ ሊቅ ነበረ። ይህን ልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ የጀመረው በ1978 ዓ.ም.፣ ዕድሜው አርባ ስድስት ዓመት ሲሆን ነው። በ1980 ዓ.ም. በኢጣሊያንኛ ታተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትሬጋ የተባለውን የአገሩን ሽልማት አገኘ፤ በ1983 ዓ.ም. ዊልያም ዊቨር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እኔም ያነበብሁት ይህን ትርጉም ነው። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ሾን ኮነሪ ዋና ተዋናይ የሆነበት ሲኒማ ወጣለት። ሲኒማውን በማየታችሁ ብቻ መጽሐፉን የምታውቁት የሚመስላችሁ ጓደኞቼ ግን ተጠንቀቁ፤ የሁለቱ መጨረሻ አንድ አይደለም። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የነፍስ ግድያ ምርመራ ታሪክ፣ መጨረሻውን ሳይናገሩ ቅር ያሰኘበትን ምክንያት ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ነፍሰ ገዳዩን በስሙ እጠራዋለሁ። መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ፣ ምሥጢሩም አስቀድሞ እንዳይገለጥበት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ አሁን ወጥቶ በግቢው ዛፍ ሥር ጥቂት ቢቀመጥ አልቀየመውም። ይህን ንግግር በበዓል መጽሐፋችን ላይ የሚያነበውም ገጹን ይገልብጥና የስፖርቱን ክፍል ይመልከት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጊዜው 1327 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ስፍራው በሰሜን ኢጣሊያ በተራራ ራስ ላይ የተሠራ አንድ ባለጸጋ ገዳም ነው። ደራሲው የገዳሙን ስም አይነግረንም። ወደዚህ ገዳም ዊልያም የተባለ እንግሊዛዊ የፍራንሲስካን መነኩሴ አድሶ ከሚባል ወጣት ረድኡ ጋር ይመጣል። የዊልያም አገር ባስከርቪል ይባላል፤ ይህም ስም ኮናን ዶይል በ1902 ዓ.ም. ካሳተመው ከሸርሎክ ሆምዝ ታሪክ የተወሰደ መሆኑን የሆምዝ ወዳጆች ወዲያው ያውቁታል። መነኩሴው የመጣበት ዋና ጉዳይ ሌላ ነበር። በዚያን ዘመን ክርስቶስና ሐዋርያቱ የግል ሀብት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም በሚለው ጥያቄ በፍራንሲስካን ማኅበርና በአቪኞን በተቀመጠው በሊቀ ጳጳሱ በዮሐንስ 22ኛ መካከል ከባድ ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ የሁለቱ ወገን መልእክተኞች በዚህ ገዳም ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። ዊልያም ቀድሞ ሲደርስ ግን አበምኔቱ ለብቻው ይጠራውና ሌላ አደራ ይሰጠዋል፤ በብራና ላይ ሐረግና ሥዕል ይሥል የነበረ አዴልሞ የሚባል ወጣት መነኩሴ ከገደል ሥር ሞቶ ተገኝቷልና ምክንያቱን መርምርልኝ ይለዋል።

ከዚህ በኋላ ቀን በመጣ ቍጥር ሬሳ ይገኛል። የግሪክ ቋንቋ ዐዋቂው የዓሣማ ደም በተሞላ ጋን ውስጥ ተዘቅዝቆ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ረዳት በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጥሞ፤ መድኃኒት ቀማሚው ራሱን በከባድ ብረት ተመትቶ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሹም በሌሊት ጸሎት መካከል ወድቆ። ከእነዚህ የአንዳንዶቹ ጣት ጠቍሯል። አሊናርዶ የተባለ እጅግ የሸመገለ መነኩሴ ይህ ሁሉ በዮሐንስ ራእይ እንደ ተጻፈው እንደ ሰባቱ መለከት ነው ይላል፤ የመጀመሪያው ከበረዶ ጋር፣ ሁለተኛው ከደም ጋር፣ ሦስተኛው ከውሃ ጋር። ዊልያምም ይህን ዱካ ይከተላል።

የነገሩ ሁሉ እንብርት ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ከሹሙ በቀር ማንም አይገባበትም። በግንቡ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ኀምሳ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ የገባ ሰው እንዳይወጣ ሆነው የተጠላለፉ ናቸው። ክፍሎቹ የተደለደሉት እንደ ዓለም ካርታ ነው፤ የእንግሊዝ መጻሕፍት በአንድ ወገን፣ የግብፅ በሌላ ወገን፤ አፍሪካ የተመደበችበት የደቡቡ ግንብ ደግሞ በላቲን «አንበሶች» ተብሎ ይጠራል። በዚያው ግንብ ውስጥ በር የሌለው አንድ ምሥጢራዊ ክፍል አለ፤ ስሙም «የአፍሪካ ዳርቻ» ነው። አገሬን ወዳድ እንደ መሆኔ በዚህ ስፍራ ጆሮዬ መቆሙን አልደብቅም፤ በኋላ ግን በአፍሪካ ዳርቻ ተደብቆ የተገኘው፣ ከአረብኛ፣ ከሱርስትና ከላቲን ጽሑፎች ጋር በአንድ ጥራዝ የተጠረዘ የግሪክ መጽሐፍ ሆነ።

እንግዲህ ስለ አጻጻፉ ልናገር። በዚህ ረገድ ኤኮን የሚነቅፍ ሰው የእኔ ጓደኛ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን አድሶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ በድንጋይ የተቀረጸውን ሥዕል ሲመለከት አለ፤ በዙፋን የተቀመጠው፣ አራቱ እንስሳ፣ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ፣ የኃጥኣን ሥቃይ። ሥዕሉን በቃል ሲያወርደው ገጽ ላይ ገጽ ይጨምራል፤ ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም፤ አንባቢውም ከአድሶ ጋር ይፈዛል። ደግሞ የቁም ጸሐፊዎቹ አዳራሽ አለ፤ ብራናው ሲፋቅ፣ መሥመሩ ሲሰመር፣ ቀለሙ ሲበጠበጥ፣ ጸሐፊው በብርድ የደነዘዘ ጣቱን ሲያሞቅ። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበትን የብራና መጽሐፍ አንድ ጊዜም ቢሆን በቅርብ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ክፍል ሲያነብ ባዕድነት አይሰማውም። የሰባቱ ቀኖች ታሪክ የተከፋፈለውም በሰዓታት ጸሎት ነው፤ በገዳም ጥግ ያደገ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ስለ ክርስቶስ ድኽነት የሚደረገው ክርክር ብዙ አንባቢዎችን እንደሚያሰለች ሰምቻለሁ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ እርሱ ነው። የተማሩ ሽማግሎች ስለ አንዲት ከረጢት ሲከራከሩ ጢም ለመነጫጨት ሲደርሱ ከማየት የሚበልጥ ሣቅ የት ይገኛል? ያውም ክርክሩ የደራሲው ፈጠራ አልነበረም፤ ሊቀ ጳጳሱ በ1323 ዓ.ም. የፍራንሲስካኖቹን አሳብ ኑፋቄ ነው ብሎ በአዋጅ አውግዟል፤ የማኅበሩ አለቃ ሚኬሌ ዘቼዜና በ1328 ዓ.ም. ከአቪኞን በሌሊት ሸሽቷል። አሳታሚዎቹ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች አሳጥርልን ቢሉት ኤኮ እምቢ ማለቱን ራሱ ጽፏል፤ ወደ ገዳም መግባት ተራራ እንደ መውጣት ነው፣ ትንፋሽ የሌለው ከሥር ይቅር ነው ያለው። ልክ ነው። መቶውንም ገጽ ወጥቻለሁ፤ አልደከመኝም።

ታዲያ ቅር ያሰኘህ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ቅር ያሰኘኝ ፈረሱ ነው።

ፈረሱ የሚገኘው በመጽሐፉ መክፈቻ ላይ ነው። ዊልያምና አድሶ ገና ገዳሙ ሳይገቡ የገዳሙ መጋቢ ከአገልጋዮች ጋር ሲራወጥ በመንገድ ላይ ያገኙታል። ዊልያም ማንም ምንም ሳይነግረው፣ የአበምኔቱን ፈረስ ትፈልጋላችሁ፣ በዚህ በኩል ሄዷል፣ ጥቁር ነው፣ ጭራው ሙሉ ነው፣ ሰኰናው ትንሽና ክብ ነው፣ ስሙም ብሩኔሉስ ነው ይላቸዋል። ፈረሱን ፈጽሞ አላየውም። በበረዶው ላይ የቀረ ዱካ፣ በእሾኽ ላይ የተንጠለጠለ ጠጕር፣ በዚያ ከፍታ ላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ አይቶ ነው። ቮልቴር በ1747 ዓ.ም. ባወጣው በዛዲግ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈረስ ስላለ፣ ኤኮ ከየት እንደ ወሰደው ግልጽ ነው፤ መውሰዱም አያስነቅፍም። ነገር ግን አንድ ደራሲ እንዲህ ያለውን ትዕይንት በመጽሐፉ በር ላይ ሲያቆም ለአንባቢው ቃል መግባቱ ነው። ይህ ሰው ምልክት ማንበብ ይችላል፣ አንተም ዓይንህን ከገለጥህ ትችላለህ፣ በመጨረሻም አብረን እንደርሳለን ማለቱ ነው።

የዚህን ዓይነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቃል እጅግ ያከብሩት ነበር። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ካህን፣ ራሱም የእነዚህ ታሪኮች ደራሲ፣ በ1929 ዓ.ም. ግማሹን በቀልድ ግማሹን በቁም ነገር ዐሥር ሕግ አውጥቶላቸው ነበር። ነፍሰ ገዳዩ ከመጀመሪያው የታየ ሰው ይሁን፤ ማንም የማያውቀው መርዝ አይግባ፤ ከአንድ በላይ ምሥጢራዊ መተላለፊያ አይኑር፤ መርማሪውን አጋጣሚ አይርዳው ይላል። የመጀመሪያውን ሕግ ኤኮ ጠብቆታል። ነፍሰ ገዳዩ ሆርሄ የተባለው ዕውር ሽማግሌ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ሣቅን ሲያወግዝ እንሰማዋለን። (ስሙና ዕውርነቱ የአርጀንቲናውን ደራሲ ሆርሄ ልዊስ ቦርሄስን ያስታውሳል፤ ቦርሄስ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ ከ1955 እስከ 1973 ዓ.ም. የአገሩን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያስተዳደረ ሰው ነበረ።) እንዲያውም ከመጠን በላይ ታየ፤ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ሳለሁ ከእርሱ በቀር ማንን ልጠርጥር?

ሌሎቹ ሕጎች ግን ተጥሰዋል። መርዙ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ከመድኃኒት ቀማሚው ቤት የተሰረቀ እንግዳ ነገር ነው። ወደ አፍሪካ ዳርቻ የሚያስገባው መንገድ የተገኘበትን ብልኃት ደግሞ ስሙልኝ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህን እወዳለሁ። በሟቹ የግሪክ ዐዋቂ ወረቀት ላይ የአራቱን አንደኛና ሰባተኛ ተጫን የሚል ምሥጢራዊ ቃል ተጽፏል። ከአራት ነገር ሰባተኛ እንዴት ይገኛል? ዊልያም ቀን ከሌት ቢያስብ አልመጣለትም። አንድ ሌሊት በፈረሶች በረት ሳሉ አድሶ፣ ቋንቋው ሁሉ የተደባለቀበት ሳልቫቶሬ የተባለው አገልጋይ በተሰባበረ ላቲን የተናገረውን ለጨዋታ ያህል ያነሣል፤ ሦስተኛው ፈረስ ለማለት «የፈረስ ሦስተኛ» ብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ዊልያም ዘልሎ ይነሣል። የፈረስ ሦስተኛ ሲባል ሦስተኛው ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ፈረስ የሚለው ቃል ሦስተኛ ፊደልም ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቢሆን «ስ» ነው። የአራቱ አንደኛና ሰባተኛም እንዲሁ አራት የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ «ኳቱኦር» በላቲን ሲጻፍ ሰባት ፊደል አለው፤ ቃሉም በምሥጢራዊው በር በመስተዋቱ ራስጌ ተቀርጿል። አንደኛውንና ሰባተኛውን ፊደል ሲጫኑት በሩ ተከፈተ። (ገዳሙ የእኛ ቢሆን ኖሮ «አራት» ሦስት ፊደል ብቻ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ደጅ በቆሙ ነበር።)

ብልኃቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ማን አገኘው? ያ በዱካና በጠጕር የፈረስ ስም ያወቀ አእምሮ አላገኘውም፤ አንድ ምስኪን ሰዋስው ሲያበላሽ፣ አንድ ልጅም ነገሩን በቀልድ ሲያስታውስ ተገኘ።

የከፋው ግን የሚመጣው ከበሩ በስተ ኋላ ነው። ሆርሄ በጨለማው ክፍል ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። የደበቀው መጽሐፍ አሪስቶትል ስለ ኮሜዲ ጻፈው የሚባለው፣ በእኛ ዘመን የጠፋው የሥነ ግጥም ሁለተኛ ክፍል ነው። ሊቁ አሪስቶትል ሣቅን ካመሰገነ ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን መፍራት ይተዋል ብሎ ስለ ሰጋ፣ በገጾቹ ላይ መርዝ ቀባ፤ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ የሚገልጥ አንባቢ ራሱን በራሱ ይገድላል። ጣታቸው የጠቈረው በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ ፍንጩም በቂ ነበር፤ መልሱም ያረካል። ወዲያው ግን ዊልያም የተከተለው የሰባቱ መለከት ዱካ ከቶ ያልነበረ ሆኖ ተገኘ። አዴልሞ ራሱን በገዛ እጁ ገደል የጣለ ነበር፤ መድኃኒት ቀማሚውን የመታው ሌላ ሰው፣ ምክንያቱም ሌላ ነበር፤ ሆርሄም ስለ መለከቶቹ ከሌሎች ሰምቶ ኋላ ራሱ ማመን ጀመረ። ዊልያም በሐሰተኛ ካርታ ተመርቶ ከእውነተኛው ቤት ደረሰ፤ ይህንንም በራሱ አፍ ይመሰክራል። ሽማግሌው የተመረዘውን መጽሐፍ እየቀደደ ይበላዋል፤ መብራቱ ይወድቃል፤ ቤተ መጻሕፍቱና ገዳሙ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይነድዳሉ።

ሁላችንም በልጅነታችን እንቆቅልሽ ተጫውተናል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ያላወቀ እንደ ሆነ አገር ይሰጣል። ጎንደርን የሰጠ ሰው ጎንደር በከንቱ አትሄድበትም፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ ጥቂት ከተመጻደቀ በኋላ መልሱን የመንገር ግዴታ አለበት። ከአምስት መቶ በላይ ገጽ ያነበበ አንባቢ ጎንደርንም ሐረርንም ሰጥቷል። ኤኮ አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ነገረኝ፤ አልካድሁም። ነገር ግን ወዲያው አስከትሎ፣ መልሱን ብታገኘውም በማሰብህ አይደለም፣ በአጋጣሚ ነው፣ ማሰብህ ራሱ ከንቱ ነበር አለኝ። እንዲህ ያለውን ጠያቂ በእኛ ሰፈር ሁለተኛ ማንም አያጫውተውም።

ይህን ስል የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ፤ ከዚህ አዳራሽም ውስጥ በጓደኞቼ ዓይን ላይ አየዋለሁ። ደራሲው ሆነ ብሎ ያደረገው ነው ትላላችሁ። አዎን፣ ሆነ ብሎ ነው። በ1983 ዓ.ም. ስለዚሁ መጽሐፍ ባወጣት ትንሽ መጽሐፍ፣ ይህ መርማሪው የሚሸነፍበት፣ ብዙም ነገር የማይገኝበት የምርመራ ታሪክ ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን ወጡን ሆነ ብዬ ጨው ነሣሁት የሚል ወጥ ሠሪ፣ ምክንያቱን ሲያስረዳ እጅግ ሊቅ ሊሆን ይችላል፤ ወጡ አሁንም ጨው የለውም። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በዚህ ነገር ልዩ ፈተና አለብን። ስለ ዝነኛ መጽሐፍ በተጠየቅን ጊዜ ምን ብሎ መመለስ እንደሚያስመሰግን ገና መጽሐፉን ሳንገልጥ እናውቀዋለን። ቅር ተሰኝቻለሁ የሚል ሰው ቢነሣ «አልገባህም» ይባላል፤ ይህን ላለመባል ሁሉም የገባው ይመስላል። መምህሮቻችን፣ በድፍረት ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን ዓይነት ምስጋና በየፈተናው ወረቀት ላይ ከማንበብ ያልሰለቻችሁ እንደ ሆነ ትዕግሥታችሁ ይደንቃል።

በሌላ በኩል ሒሳቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚከፍል ደራሲ ይሻላል ብዬ የምደመድም የሚመስለው ካለ አልሰማኝም። አጋታ ክሪስቲ በ1939 ዓ.ም. ባሳተመችው ታሪክ ዐሥር ሰዎችን ወደ ደሴት ወስዳ ሁሉንም ትገድላለች፤ ሲያበቃም ማን፣ እንዴት፣ ለምን የሚለው አንድም ሳይጐድል ይነገረናል። በአንድ ቀን ተኩል አነበብሁት። ዛሬ ከዐሥሩ ሰዎች የአንዱን እንኳ ፊት አላስታውስም። የኤኮን ገዳም ግን የማድ ቤቱን ጢስ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ብዙ የሰጠ ሰው ሲያጐድል ነው ጕድለቱ የሚታየው።

ከምሥጢሩ መፍቻ ይልቅ እስከ ዛሬ ያልተወኝ ጕድለት አንድ ነው፤ ንግግሬንም በእርሱ ልፈጽም።

ከተራራው ሥር ካሉት መንደሮች ርኀብ አስጨንቋት በሌሊት ወደ ገዳሙ ማድ ቤት የምትገባ አንዲት ድኻ ልጅ አለች። የገዳሙ መጋቢ ለቍራሽ ሥጋ የሚያስከፍላትን ዋጋ በዚህ ጉባኤ ፊት አልናገረውም። አድሶ አንድ ሌሊት ያገኛትና በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሴት ይወድዳል። ቋንቋዋን አያውቅም፤ እርስዋም የእርሱን አታውቅም። በማግስቱ ቤርናር ጊ የተባለው የመናፍቃን መርማሪ ዳኛ ከነወታደሮቹ ይደርሳል፤ ይህ ሰው በእውነት የነበረ፣ መናፍቃን እንዴት እንደሚመረመሩ መጽሐፍ የጻፈ ዳኛ ነው። ልጅቱ ከሳልቫቶሬ ጋር፣ ከአንድ ጥቁር ድመትና ከአንድ ዶሮ ጋር ተይዛ ጠንቋይ ትባላለች። ትጮኻለች፤ የምትናገረውን ግን የሚሰማላት የለም። አድሶ መምህሩን ይለምናል። ዊልያም ከእንግዲህ እንደ ተቃጠለች ቍጠራት ይለዋል። እርስዋን ወሰዷት፤ ታሪኩም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰ።

መጽሐፉን ዘግቼ ከቈየሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ገልጬ ያን ፈረስ እንደ ገና አነበብሁት። ዊልያም አይቶት የማያውቀውን ፈረስ በስሙ ጠራው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዕንቍ ሁሉ ስም አለው፤ ቅጠላ ቅጠሉ፣ መናፍቃኑ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ክፍሎች ሁሉ ስም አላቸው፤ ደራሲው እየዘረዘረ አይጠግብም። የልጅቱን ስም ግን አድሶ አላወቀውም፤ ያ ታላቅ መርማሪም አልጠየቀም። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ የመጽሐፉን አርእስት እንደ ገና ተመልከት፣ ወርቁ እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ቅኔ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ሰሙ ምንም ቢያምርለት ወርቁን ጠይቀውት ሊል የማይችለውን ነገር እኔም ከደራሲ ልቀበል አልፈልግም፤ ይኸውም፣ ወርቁ ስለ ወርቅ ማጣት ነው የሚለውን ነው።

ሲኒማውን የሠሩት ሰዎችም ይኸው ነገር እንደ ቈረቈራቸው እገምታለሁ። በእነርሱ ዘንድ የመንደሩ ሰዎች ይነሡና ልጅቱን ከእሳት ያድኗታል፤ ዳኛውንም ይገድሉታል። በአዳራሽ ተቀምጦ ላየው ሰው ደስ ያሰኛል። እውነተኛው ቤርናር ጊ ግን እስከ 1331 ዓ.ም. ኖሮ ሞቷል፤ እንዲህ ያለው ክፍያ በሐሰተኛ ብር ዕዳ እንደ መክፈል ስለ ሆነ እርሱንም አልቀበልም። የምፈልገው እንድትድን አልነበረም። ዊልያም ለአንዲት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን ትቶ ስለ እርስዋ ነገር እንዲመረምር፣ ቢሸነፍም እዚያ ላይ እንዲሸነፍ ነበር።

በመጨረሻው ገጽ ላይ አድሶ ጐልምሶ ወደዚያ ተራራ ይመለሳል። ገዳሙ ፈርሷል፤ ሣር በቅሎበታል። ከፍርስራሹ መካከል ከእሳት የተረፉ የብራና ቍርጥራጮችን እየለቀመ ሁለት ከረጢት ይሞላል፤ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ እያንዳንዱ ቍርጥራጭ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ሆነ ሲመረምር ይኖራል። ከተራራው ሥር የነበሩት ሁለቱ መንደሮች ባዶ ሆነው፣ እርሻቸውም ጠፍ ሆኖ እንዳገኛቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረንና ያልፋል።